ፍሬኑ አልቋል

ያቺ ግሬደር የመንገድ ሥራ ካምፓችን ስትደርስ አጨበጨብንላት እንጂ፣ ሌላ ፕሮጀክት አሥራ አንድ ዓመት አሠርቶ አሠርቶ የጣላት አሮጊት ነበረች። መለዋወጫ ስንጠይቅ የውጭ ምንዛሪ የለም ይሉናል። ስለዚህ ከሞተ ዶዘር እየፈታሁ፣ ከወደቀ መኪና እየቆረጥኩ አኖርኳት። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው ጭቃ ብረት ይበላል፤ ዝናቡ በዓመት ዘጠኝ ወር አይለቅም። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ካሣዬ እባላለሁ፣ አፌም እጄም ችኩል ነው። ችኮላዬ ያደረገውን ነው የምናገረው።

የሚነዳት ጋሽ ሳህሉ ነበር። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ያልተጠገነ ነገር ሲኖር ቆርቆሮ ላይ በከሰል ትልቅ ኤክስ አደርግና መሪው ላይ አንጠለጥልለታለሁ። አትንካት ማለት ነው። አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ካምፓችን ሲደርስ አስተማሪ እኔ ተደረግኩ። ጋሽ ሳህሉ ከባለቤቱ ከእትዬ ንጋቷ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከሀ ጀመረ። በስድስተኛው ወር የሲሚንቶ ከረጢት፣ የዘይት በርሜል፣ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ አሰለቸን። በዕድሜ ልጁ ብሆንም «የኔታ» ይለኝ ጀመር፤ ያሾፋል፣ ግን ከልቡ ነበር። አንድ ጠዋት ቆርቆሮዋን ይዞ መጣና፣ «የኔታ፣ ኤክስ የማይም ምልክት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጻፍልኝ» አለኝ። ኩራቱ ደስ አለኝና መጻፍ ጀመርኩ።

በ1976 ጥቅምት ላይ የግሬደሯ ፍሬን እንደሰነፈበት ጋሽ ሳህሉ ነገረኝ። በማግስቱ እሱ ሸኮ ለቅሶ ሄዶ ሳለ የኋላ ጎማዋን ፈታሁ። የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የሚተካ ሸራ ካምፑ ውስጥ አልነበረም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ውሃ እንዳይገባባት ጎማውን መልሼ አሰርኩ። ሸራ ልፈልግ ወደ ሚዛን የሚወስደኝ የቡና መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ቆርቆሮዋን አነሳሁና «ፍሬኑ አልቋል» ብዬ ጻፍኩ፤ መሪው ላይ ሰቅዬ ሮጥኩ።

በነጋታው ጠዋት ከሸኮ ወዲህ ያለውን መንገድ ናዳ ዘጋው። ቀይ ቡና የጫኑ መኪኖች ተሰለፉ። ማታውን ከለቅሶ የተመለሰው ጋሽ ሳህሉ ቆርቆሮዋን አነበበ፤ ጎማውን ቢያይ ታስሯል። የኔታ ጨርሷታል ብሎ ለሠራተኞቹ እያሳየ ናዳውን ሊጠርግ ተነሳ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ምላጯን መሬት ሊያስነክሳት ሞክሮ እንደነበር ያዩት ነግረውኛል። ጭቃው አልያዘለትም፤ ከነግሬደሯ ገደል ገባ። እኔ ያገኘሁትን ሸራ በብብቴ ይዤ ከሰዓት በኋላ ስደርስ አስከሬኑን በቃሬዛ እያወጡት ነበር።

ጋራዥ ውስጥ አለቀ ማለት ተበላ ማለት ነው። ጎማው አለቀ፣ ሸራው አለቀ እያልኩ ስኖር፣ ልብስ ሰፊውም አናጢውም ሥራውን ሲያስረክብ «አልቋል» እንደሚል ረሳሁት።

ከሚዛን፣ ከአውራጃው አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው ቆርቆሮዋን አየት አደረገና፣ ኦፕሬተሩ ፍሬኑ ማለቁ በጽሑፍ ተነግሮት በግዴለሽነት የመንግሥት ንብረት አውድሟል ብሎ አስጻፈ። የምትጨምረው አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ። ያን ጊዜ በኢኮኖሚ አሻጥር የተጠረጠረ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ውሳኔው የካምፑ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እትዬ ንጋቷ ጥቁሯን ለብሳ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። «ግዴለሽ» የሚለው ላይ ስትደርስ የተሳሳተች መስሏት ደገመችው። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሳምንት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ፣ ኮሚቴው ጋራዡ ውስጥ ጥሏት የሄደውን ቆርቆሮ ይዤ እትዬ ንጋቷ ቤት ሄድኩ። ቆርቆሮዋን ሰጠኋት። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አለች።

«ፍ… ሬ… ኑ፣ አል… ቋል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይኸው፣ ተሠርቷል ይላል እኮ። የእኔ ሳህሉ የተጻፈ አይንቅም ብያቸው ነበር። ማነው ዋሽቶ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ንጋቷ» አልኳት። «ተበልቷል ማለቴ ነበር።»

እንደገና አነበበችው፤ አሁን በሁለተኛው ትርጉም እያነበበች እንደሆነ ከፊቷ አየሁ። ሚዛን ሄጄ ለኮሚቴው እውነቱን እንደምናገር ነገርኳት። ከምድጃዋ የጠፋ ከሰል አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ቆርቆሮዋንም ፊቴ ዘረጋችው።

«አድርግባት» አለች።

በጽሑፌ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤክስ አደረግኩ።

«ይቺን ያውቃት ነበር» አለች።

ቆርቆሮዋን ይዤ ወጣሁ። ሚዛን እስክደርስ ከሰሉን ከእጄ አልጠረግኩትም።