የመርሳ ሚስኮል

ኮምፒውተር በሌለበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው፣ በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር ወልድያ መጥቶ ኪሩቤልን ማየት ነበረበት። ጦርነቱ ከከተማዋ ሲወጣ ለቢሮው የቀሩት የተሰነጠቁ ስክሪኖችና ሆዳቸው የተዘረገፈ ኮምፒውተሮች ናቸው። ኃላፊው ግን ተስፋ አልቆረጡም። በየጠዋቱ በሩ ላይ ብቅ እያሉ፣ «አንተ አይቲ አይደለህ እንዴ? እስቲ አንዱን እንኳ አስነሣልን!» ይሉታል። ሐርድ ዲስኩ የተወሰደ ኮምፒውተር በጸሎት ካልሆነ በቀር እንደማይነሣ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ትቶታል።

ሥራ ፈቶ ግን አልተቀመጠም። ኔትወርክ ሲመለስ ሌቦቹም አብረው ተመለሱ። ቤቱ የተዘረፈ ሰው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ፍሪጅና የስፌት መኪና ሲፈልግ፣ እነሱም በግማሽ ዋጋ «አለን» ይላሉ፤ ቀብድ ከተላከላቸው በኋላ ግን ደብዛቸው ይጠፋል። የቢሮው ሰው መግዛት ያማረውን ዕቃ ሁሉ ለኪሩቤል ሳያሳይ አይከፍልም። እሱም ፎቶው ከየት እንደተወሰደ፣ ቁጥሩ ሌላ ምን ምን እንደሚሸጥ ያይና «ሌባ ነው» ይላል። ያኔ እየተሳቀ ይመሰገናል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እሱም ወደ ኪራይ ክፍሉ ይገባል። የግቢው ተከራዮች ከስደት አልተመለሱም፤ ማታ ማታ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ሬዲዮ ይከፍታል።

ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ሞገስ ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመርሳ እየመጣ አብረው ኳስ ያዩ ነበር። የሁለቱን ስልክ ቁጥር አንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የገዛው ኪሩቤል ስለሆነ ቁጥሮቹ በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ይለያያሉ። ጦርነቱ ሲመጣ ኪሩቤል እናታቸውን ወይዘሮ ደብሪቱን ይዞ ወደ ደሴ ሸሸ፤ ሞገስ የእናታቸውን ሱቅ ሊጠብቅ መርሳ ቀረ። ሲመለሱ የሱቁ በር ተገንጥሏል፤ ሞገስ የለም። አንዱ ወደ ሐራ ሲሄድ አየሁት ይላል፣ ሌላው አላየሁትም ይላል። ስልኩ ዝግ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት እናቱ ደወለች። መደወሏ ራሱ ጉድ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ለካርድ ገንዘብ ማውጣት ስለማትወድ ልጆቿን የምታነጋግረው በሚስኮል ነው፤ አንዴ አስጠርታ ትዘጋለች፣ ልጅ የተባለ መልሶ ይደውላል።

«ኪሩዬ! ጠራ! የሞገስ ስልክ ጠራ!»

«ምን አለሽ? አነሣው?»

«የምን ማንሣት! ሚስኮል አድርጌ ዘጋሁት እንጂ። ይደውላል፣ አብሽር።»

ኪሩቤል አይቲነቱን ረስቶ ከወንበሩ ዘለለ። ወዲያው እሱም ሞከረ፤ መስመሩ ተይዟል። ስልኩ ከተያዘማ ሰው እያወራበት ነው ማለት ነው! ያን ጠዋት ኃላፊው ስለ ኮምፒውተሩ ሲጠይቁት እንኳ «እናስነሣዋለን!» አላቸው።

ረፋዱ ላይ ጸሐፊዋ ፍሬሕይወት ስልኳን ይዛ መጣች። ላፕቶፕ ልትገዛ አስባለች።

«እስቲ እየው፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። ቀብድ ከላክሁ ነገ በመኪና ይጭንልኛል። ሰውዬው ጨዋ ይመስላል።»

ኪሩቤል እንደ ልማዱ መጀመሪያ ቁጥሩን አየ። የሞገስ ቁጥር ነው። ደግሞ አየው።

«ሌባ ነው አይደል?» አለች ፍሬሕይወት።

«ሌባ ነው» አለ።

ለወራት ያልሠራ ቁጥር ተሰርዞ ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ ያውቃል። ከማንም በፊት ማሰብ የነበረበት እሱ ነው፤ ግን አላሰበውም። ግቢው ጥግ ሄዶ ደወለ፤ አሁን ተነሣ።

«ሃሎ! ላፕቶፑ አለ፤ ዛሬ ቀብድ ከላክህ ነገ እጭናለሁ።»

«ይሄ ቁጥር የወንድሜ ነው» አለ ኪሩቤል።

«የምን ወንድም? ሲሙን ራሴ ነኝ በቀደም አዲስ የገዛሁት።»

ኪሩቤል ማስታወቂያውን እንደሚያውቅ፣ ስለ ላፕቶፑም እንዳልደወለ ነገረው። ስለ ሞገስም ነገረው፤ ለማንም እንደዚያ ዘርዝሮ አውርቶ አያውቅም። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ጠዋት ሚስኮል ያደረገችው ሴትዮ እናትህ ናት? ሦስት ጊዜ ነው ያደረገችው፤ ብሎክ ላደርጋት ነበር።»

ኪሩቤል እውነቱን ለእናቱ መንገር እንዳለበት ያውቅ ነበር። ነገር ግን ለወራት ያልሰማው የደስታ ድምጿ ጆሮው ውስጥ አለ። አንጀቱ አልቻለም።

«ብሎክ አታድርጋት። አታንሣ፣ መልሰህም አትደውል። ዝም ብሎ ይጥራላት።»

«እሺ» አለ ሌባው። «ካርድ ግን ሙላልኝ።»

ሞላለት። ሰውን ሁሉ ከሌባ የሚያድነው ኪሩቤል ከሌባ ጋር ተስማምቶ እናቱን ማታለል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ በደወለላት ጊዜ ሁሉ «ዛሬም ጠራ» ትለዋለች። «ጥሩ ነው እማ» ይላል። ፍሬሕይወት «ምነው ከሳህ?» ስትለው በፆሙ ያሳብባል። የሚያውቀውን የሚያውቅለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሌባ ነው። አንዳንድ ማታ ለዚያ ሰውዬ ሊደውል ስልኩን ያነሣና ያፍራል።

በሦስተኛው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በሲሪንቃ በኩል መርሳ ገባ። እናቱ ግማሹ ባዶ በሆነው ሱቅ ውስጥ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ደስታዋን ሊያይ ነበር የመጣው፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል።

«ኪሩዬ፣ አንተ የስልክ ነገር ታውቃለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ እማ።»

«ሞገስ ተቀይሞኛል፣ አይደል?»

«ለምን ይቀየምሻል?»

«ሚስኮል አድርጌለት ሳይደውል ቀርቶ ያውቃል? እየሳቀብኝም ቢሆን ይደውል ነበር። አሁን በየቀኑ እያየ ዝም አለኝ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ሱቁን ጠብቅ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። መኪና ላይ ስንወጣ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፈርቶ ነበር እኮ! መፍራቱን እያየሁ ነው ጥዬው የሄድሁት። ይቀየመኝ፣ እውነቱን ነው። አንተ ግን ደውልለትና ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

ኪሩቤል ሁሉንም ያሰበ መስሎት ነበር። ይህን አላሰበም። ደስታ ብሎ የሰጣት ጥሪ ለካ በየቀኑ ሲወቅሳት ነው የከረመው። በራሱ ላይ እንደዚያ ቀን ተናዶ አያውቅም።

«እማ፣ ሞገስ አልተቀየመሽም። ስልኩ የሱ አይደለም። ቁጥሩን አዲስ አበባ ያለ ሌላ ሰው ገዝቶታል። አነጋግሬዋለሁ።»

እናቱ ስልኳን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ሞገስስ?»

«አላውቅም እማ። ያ ሰውም አያውቅም።»

«መቼ ነው ያነጋገርኸው?»

«ጠራ ባልሽኝ ቀን።»

ስድብ ጠበቀ፤ እርግማንም ቢሆን ይገባኛል ብሎ አንገቱን ደፋ። እናቱ ግን ባንኮኒውን ዞራ መጣች።

«ይሄን ሁሉ ቀን ብቻህን ይዘኸው ነው የከረምኸው?»

ሞገስ ከጠፋ ወዲህ፣ ከፍሬሕይወት «ምነው ከሳህ?» በቀር፣ ስለ ራሱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እናቱም ራሱን ወደ ደረቷ ስባ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ሁለቱም ለሞገስ አልቅሰው አያውቁም ነበር፤ ማልቀስ ያልመጣ መርዶ እንደ መቀበል ይመስላቸው ነበር።