በግዝት የተቆለፈው ዲስክ

ሲስተር ርብቃ ደብረ ታቦር ላይ ትንሿን ክሊኒኳን ከከፈተች ወዲህ እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ኢልያስ የታካሚዎቿን መረጃ በሙሉ መዳፍ በምታህል ዲስክ ላይ ገልብጦ በይለፍ ቃል ቆለፈላት። «ይህቺን ከክሊኒኩ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ» አላት። «እሳትም ይነሳ፣ ሌባም ይግባ፣ መረጃሽ አይጠፋም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይኸው በበቃው። ርብቃ ግን ነገር ከጣማት ልክ አታውቅም። ዲስኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ገብረየሱስ ገሰገሰች፤ የስንቱን ኃጢአት በሆዳቸው የያዙ ሰው የሰው በሽታ መደበቅ አያቅታቸውም ብላ። ያም አልበቃትም። «አባቴ፣ የከፈተው ሁሉ የተገዘተ ይሁን ይበሉልኝ!» አለቻቸው። አባ መስቀላቸውን አንስተው መገዘት ጀመሩ። እሷ ግን ደስታዋ እግሯን አላስቆም ብሏት፣ ገና ሳይጨርሱ «አሜን» ብላ፣ ዲስኩን እሳቸው ዘንድ ትታ፣ መስቀላቸውን ተሳልማ እየበረረች ወጣች። ኢልያስ ይህን ሲሰማ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቻይናም አልሠራች ብሎ ሳቀባት።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት መብረቅ ወረደና የክሊኒኩ ኮምፒውተር ድርግም አለ። ኢልያስ ፈታቶ አየውና «ተቃጥሏል» አላት። ርብቃ ሳቀች። ቅጂ አላታ! ኢልያስን ላፕቶፕ እንዲያመጣ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን አባን ከነዲስኩ እንድትጠራ ላከቻቸው።

በዚህ መሃል ታካሚዋ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከገሳይ ከተማ መጡ። እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አመርቅዞ በትኩሳት ይንቀጠቀጣሉ። መርፌ ሳይውል ሳያድር መጀመር አለባቸው፤ ግን አምና እዚሁ ክሊኒክ አንዱ መድኃኒት አልስማማ ብሏቸው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ ለጥቂት ነው የተረፉት።

«የትኛው ነበር እማማ?»

«ነጩ ነዋ ልጄ።»

ርብቃ መደርደሪያዋን አየች። ሁሉም ነጭ ነው። ከተሳሳተች ሴትዮዋ እጇ ላይ ሊሞቱባት ነው።

አባ ዲስኩን አቅፈው በጃንጥላቸው ሥር ሲደርሱ፣ ኢልያስም ላፕቶፑን ሲያበራ፣ የርብቃ ሳቅ ቀጥ አለ። የከፈተው ሁሉ የተገዘተ! ወይ ጉድ፣ ራሷን በራሷ አስገዝታለች።

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግዝቱ አይመለከተኝም፤ ልክፈተው?» አለ ኢልያስ።

«አንተማ የሰው ገበና ልታይ!»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

«ጨፍነህ ምኑን ታነባለህ?» ብላ ጮኸችበትና ወደ አባ ዞረች። «አባቴ፣ ይፍቱኝ!»

አባ ጢማቸውን እየዳበሱ አዩዋት። «ለመሆኑ ያን ዕለት ምን ብዬ እንደገዘትሁ ሰምተሻል?»

«ሳይጨርሱ ነው የወጣሁት» አለች ርብቃ።

«ሕመምተኛው ራሱ ሳይፈቅድ የከፈተ፣ ሕመምተኛው ሳይፈቅድ ያነበበ ነው ያልሁት። ገበናው የማን ሆነና ነው አንቺን የማስፈቅደው?»

ርብቃ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት። ዲስኩን ሰካች፣ ላፕቶፑን ወይዘሮ ፈንታነሽ ጭን ላይ አስቀመጠች፣ የይለፍ ቃሉን ጻፈችና የቀረችውን አንዲት ቁልፍ አሳየቻቸው። «ከፈቀዱልኝ እሷን ይጫኑልኝ፣ እማማ!» ሴትዮዋ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ አማትበው፣ ቁልፏን እንደ ትኋን ጨፈለቋት። ስማቸው ብቅ አለ።

ኢልያስ አንገቱን ሰገግ አደረገ። አባም፣ እግዜር ይይላቸው፣ መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸው ገቡ።

«ምን ልታዩ ነው?» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ትኩሳታቸውን ረስተው። «የኔ ነው አልተባለም? በሉ ውጡልኝ! አባም ይውጡ!»

ሁለቱ ዝናቡ ላይ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ሲሳሳቁ እስከ ውስጥ ይሰማል። ርብቃ እያነበበች ወረደችና አገኘችው፦ ፔኒሲሊን። ያንን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አንስታ ወዲያ አራቀችው፤ የሚስማማቸውን አወጣች። ከደስታዋ የተነሳ ሳቁ አልቆም አላት፤ እንባዋ ይወርዳል፣ መርፌው እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከአልጋው ጥግ ሸሸት ብለው። «መጀመሪያ ሳቅሽን ጨርሺ፤ ከዚያ ትወጊኛለሽ።»