የአሚናት ደም

አሚናት የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመታት አልፈው ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ግን ደም እንደገና ታያት። ጎረቤቷ ስህን «ልጅነትሽ ተመልሶ ይሆናል» ብላ ልታስቃት ሞከረች። አሚናት አልሳቀችም። ለባሏ ለዘይኑልአቢዲን «ያለ ጊዜው የመጣ ደም ደግ አይደለም፤ ነገ ደሴ እንሂድ» አለችው።

ሐኪሙ መርምሮ «የማሕፀን ነቀርሳ ነው፤ ግን ገና አልተሰራጨም። ማሕፀኑን ብናወጣው ይድናሉ፣ እናቴ» አላት።

«እንግዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለችው።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ወደ መኖሪያዋ ሐይቅ ከተማ ስትመለስ ሸክም ተከልክላ ስለነበር ዘይኑልአቢዲን እንስራ አዝሎ ውሃ ይቀዳ ጀመር። መንገድ ላይ ለሳቁበት ወንዶች «ሚስቴ እስክትጠነክር ነው፤ ከዚያ በኋላም ብቀዳ ምን አለበት?» አላቸው። እሷም ስህን የምታመጣላትን የዓሣ መረቅ እየጠጣች፣ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ቀስ ብላ እየተራመደች አገገመች።

የቀበሌው ሴቶች ሲሰበሰቡ የደረሰባትን ሁሉ ሳታፍር ነገረቻቸው። ሲበተኑ ስህን እጇን ያዘቻት።

«እኔም ጡቴ ላይ እብጠት አለ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ተናገርሽ። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በነጋታው አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስህን ፈርታ ነበር፤ አሚናት ግን ደሴ እስኪደርሱ ድረስ የሚጠብቃትን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳቻት።