የወፍ በሽታ አይደለም

የነኢማ ዓይን ቢጫ ሲሆን ታናሽ ወንድሟ ኢብራር «የወፍ በሽታ ነው» አላት። ኮልፌ መጋረጃ የምትሸጥበት ሱቅ ድረስ ማር የሚልክላት ጎረቤት በዛ። እውነቱን የሚያውቀው ኢብራር ብቻ ነበር፤ ቆሽቷ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ውጤቱ እንደተለመደው ለቤተሰብ ነው የተነገረው።

«በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ግን ከባድ ነው» ብላው ነበር ዶክተር ሌሊሴ። ይህን ቀዶ ሕክምና ለስንት ሰው እንደሠራች ሲጠይቃት፣ ሥልጠናዋን ከጨረሰች ወዲህ ዘጠኝ መሆናቸውን፣ አንዱ መሞቱንም ሳትሸሽግ ነገረችው። ኢብራር የሞተውን ብቻ ይዞ ወጣ። እህቱን ሳይጠይቅ «አልፈለገችም» ብሎ ቀጠሮውን አሰረዘ።

ሌሊሴ አላስቻላትም። ለራሷ ለነኢማ ደወለች።

«እትዬ ነኢማ፣ ኦፕሬሽኑን ለምን ተዉት?»

«የምን ኦፕሬሽን?»

ነኢማ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብላ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ያዘች። ኢብራር ወሬውን ሰምቶ ሐኪም ቤት ሲደርስ፣ ሌሊሴ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነግራት ጨርሳለች።

«የሞተው ምን ሆኖ ነው?» አለች ነኢማ።

«ቆሽቱን ከአንጀት ጋር ያገናኘሁበት ስፌት አፈሰሰ። ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንከታተላለን። ሌላም ያፈሰሰባት ሴት ነበረች፤ እሷ ድናለች።»

«ሰማሽ?» አለ ኢብራር። «ገና ልጅ ናት። ሊለማመዱብሽ ነው።»

«አንተስ ሱቄ ውስጥ መቀስ የለመድከው በማን የጨርቅ ጣቃ ነው?»

«ጨርቅ ሰው ነው እንዴ?»

«እሱስ አይደለም። ግን እሷ የሞተባትን ነገረችኝ፤ አንተ የወፍ በሽታ አልከኝ። ማንን ልመን?»

«እንድትፈሪ አልፈለግኩም።»

«ፍርሃቱም የኔ ነው፤ ለምን ትወስድብኛለህ?»

ወደ ሌሊሴ ዞረች። «ቀጠሮዬን መልሺልኝ፣ ልጄ። ከሞትኩም ቁጠሪኝ፤ ለሚመጣው ሰው እንዳትደብቂ።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትኩሳት ያዛት። የእሷም ስፌት አፍስሷል። ሌሊሴ ግን በዚያው ቀን ደረሰችበት፤ ፈሳሹ ከሆዷ በቀጭን ቱቦ ወደ ከረጢት ይወርድ ጀመር። ትኩሳቱም ቀስ በቀስ ለቀቃት።

ጎረቤቷ ሰብሪያ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ ነኢማ ከረጢቱን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በሌላው ኢብራርን ተደግፋ ኮሪደሩ ላይ ትራመዳለች።

«የወፍ በሽታው እንዴት አደረገሽ?» አለቻት ሰብሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነኢማ ወንድሟን አየችው። «አንተ ንገራት።»

ኢብራር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካንሰር ነው» አለ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማው። «የቆሽት ካንሰር። ዶክተር ሌሊሴ አወጣችው።»