ዞረው የማያዩት ዶን ሲልቬሪዮ

አባቴ በሕይወታቸው ለጠራቸው ሰው ዞር ብለው አይተው አያውቁም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ በትውልድ ከተማችን በፑዌብላ የሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከኋላቸው "ዶን ሲልቬሪዮ!" ብሎ የተጣራ ሰው ሮጦ ከፊታቸው መቆም ነበረበት፤ ያለዚያ መልስ የለም። ጎረቤቶቻችን "ሰውየው ኩራት እራቱ ነው" ይሉ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ቁርሱም ምሳውም ነው" ትላቸው ነበር።

ደግሞም የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው። ዳቦ አመላላሽ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ከመጋገሪያው ቤት ይነሡና የጋሪ ጎማ የሚያህል ቅርጫት፣ ጢም ብሎ ትኩስ ዳቦ የሞላበት፣ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው በቢስክሌት ከተማውን ያቋርጣሉ። በአንድ እጃቸው ቅርጫቱን፣ በሌላው መሪውን ይይዛሉ። በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሰው በእግሩ እየተንገዳገደ በሚሄድበት ቁልቁለት እሳቸው እየዘፈኑ ይወርዱ ነበር። አንዲት ዳቦ ወደቀችባቸው የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ልጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ "አባባ! አባባ!" እያልኩ እጣራለሁ። ያችን ቅርጫት የያዘች እጃቸውን ለአፍታ ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ከዚያ ጥጉን ይታጠፋሉ። አይዞሩም። ሰው ሲያደንቃቸው እኔም ደረቴ ይነፋል፣ ግን ውስጤ ቅር ይለው ነበር። ዳቦው ከእኔ ይበልጥባቸዋል ብዬ ነበር ያደግሁት።

እናቴ ከሞተች በኋላ ሎስ አንጀለስ እኔ ዘንድ መጡ። ምግብ አብሳይ ሆኜ በምሠራበት ሬስቶራንት ዕቃ አጣቢ ሆነው ገቡ። እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ ብላቸው፣ የቆመ ጎማ ይተነፍሳል ብለው ዘጉኝ። አውቶቡስ አልፈልግም አሉ፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ደጅ መጥናት ይመስላቸዋል። እኛ ሰፈር በራፉ ላይ ቢስክሌት የሚጠግን ቤልትራን የሚባል ጎረምሳ አለ። ከእሱ ዘንድ አንድ አሮጌ ጥቁር ቢስክሌት መረጡ። እኔም የራሴ ስላለችኝ አብረን መመላለስ ጀመርን።

አብረን ማለቴ እንግዲህ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ቀኑ አጭር ስለሆነ ከሥራ የምንወጣው ከጨለመ በኋላ ነው። እኔ የቬርሞንትን ጎዳና በቀኝ በኩል ይዤ፣ መብራቴን አብርቼ፣ መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ እነዳለሁ። እሳቸው በማዶ፣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ፊት ለፊት እየተቀበሉ፣ በጥቁር ጃኬት፣ በጥቁር ቢስክሌት፣ ያለ መብራት። ካልሳቁ በቀር አይታዩም፤ ሳቂታ ደግሞ አይደሉም። አባትና ልጅ በመካከላችን መኪናው እየጎረፈ እኔ እሳቸውን በስርቆት እያየሁ ቤት እንደርሳለን። ሁልጊዜ ቀድመውኝ ይደርሱና በር ላይ ቆመው "የት ቆየሽ?" ይሉኛል።

ያልለመንኳቸው ጊዜ የለም። ከግቢ የሚወጣ ሹፌር የሚያየው መኪና ወደሚመጣበት ወደ ግራው ነው፤ በቀኙ በኩል ሰው ይመጣብኛል ብሎ አያስብም፤ እርስዎ ደግሞ የሚመጡት በዚያው በቀኙ ነው አልኳቸው። መሬት ላይ በጣቴ ሥዬ አሳየኋቸው። ሥዕሉን በጥሞና አዩትና ጫማቸውን አሳርፈው አጠፉት።

"የሚገድለኝን ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ" አሉ። "ከኋላ የሚመጣ ሌባ ብቻ ነው።"

ቤልትራንም ሞከረ። ደንበኛ ሲሞትብኝ ገበያ ይቀዘቅዛል ብሎ እየቀለደ የፊትና የኋላ መብራት፣ እንዲሁም በመኪና ብርሃን የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ በነፃ ሰጣቸው። አባቴ ሰው አያሳፍሩም፤ አመስግነው ተቀበሉት። በማግስቱ ጠዋት ብነሣ ሰደርያውን ግቢያችን ያለው የሎሚ ዛፍ ለብሶታል። መብራቶቹም ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለዋል።

"ከዛሬ ጀምሮ ሎሚውን መኪና አይገጨውም" አሉኝ ቡናቸውን ፉት እያሉ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በልቤ ሰደብኳቸው። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ ቢስክሌቱን እቆልፍብዎታለሁ አልኩ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ከቆለፍሽው ፑዌብላ እመለሳለሁ አሉ። ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ዝም ብላቸው መኪና ሊወስድብኝ፣ ባስቸግራቸው አውሮፕላን ሊወስድብኝ፤ በሁለቱ መካከል ተሰቅዬ ቀረሁ። ካለ እሳቸው ሰው የለኝም።

አንድ ምሽት ግን አልቻልኩም። ቢያንስ ከኋላቸው ልሁን ብዬ ወደ እሳቸው በኩል ተሻገርኩና ተከተልኳቸው። ፊት ለፊት የሚመጣው የመኪና መብራት ዓይኔን ያጠፋዋል። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ፣ እንደ እኛው ወደ ቤት አቅጣጫ ሲሄድ የነበረ ነጭ መኪና መንገዱን ሰንጥቆ ወደ መድኃኒት ቤቱ ግቢ ሊገባ ወደ ግራ ታጠፈ። የመጣው ከኋላቸው ነው። እኔ አየሁት።

"አባባ፣ ከኋላ!" አልኩ።

እንዲህ ሲባል ማንም ሰው አንገቱን ነው የሚያዞረው። አባቴ ግን ትከሻቸው፣ ወገባቸው፣ ሁሉ ነገራቸው በአንድ ላይ ዞረ፤ ራሳቸው ከትከሻቸው ላይ ንቅንቅ አላለም። እጃቸው መሪውን ይዞ ስለነበር መሪውም አብሮ ዞረ። ቢስክሌቱ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ መታና እሳቸው እግረኛው መንገድ ላይ ወደቁ። መኪናው እሳቸው ሊሆኑበት በነበረው ቦታ ላይ አለፈ።

ሹፌሯ ወርዳ ምንም አላየሁም አለች። ምን ይፈረድባታል፤ እኔም ልጃቸው ሆኜ በጭንቅ ነው የማያቸው። መዳፋቸው ከመላጡ በቀር ደህና ነበሩ። አቧራውን ላራግፍላቸው ብዬ ከኮሌታቸው በላይ ብነካቸው አንገታቸው የቤት ምሰሶ ሆኗል። እጄን ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት።

"ተዪው" አሉ። "ዕቃ ሳጥብ ውዬ ደክሞኝ ነው።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ሁሉ ዘመን ቅርጫት የተሸከመ አንገት ነው። ቅርጫቱ እያለ መዞር አይሆንም፣ ዳቦው ይወርዳል፤ ቅርጫቱ ሲወርድ አንገቱ ደርቋል። ኋላቸውን ማየት ስለማይችሉ ነው የሚመጣውን ሁሉ በፊታቸው የሚያደርጉት። ፑዌብላ ሙሉ ኩራት ነው ያለው ነገር ኩራት አልነበረም። ኩራቱስ ይህን ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ መኖራቸው ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቤልትራን ዘንድ ሄድኩ። ይኼማ ቀላል ነው፣ ስፖኪዮ ይገጠምላቸዋል፣ ኋላቸውን እያዩ በቀኝ በኩል ይሄዳሉ አለ። ልክ ነበር። ግን ስፖኪዮውን ከሰጠኋቸው ማወቄን ያውቃሉ። ይህን ያህል ዘመን የደበቁትን ነገር በአንድ መስታወት አላጋልጥባቸውም አልኩት። ቤልትራን ራሱን አከከና እንግዲያስ አንቺ ታመሚ አለኝ።

ታመምኩ። እራት ላይ አንገቴን እያሻሸሁ፣ የምድጃው ሙቀትና የበሩ ብርድ ተጋጭቶብኝ አንገቴ አልዞር አለ፤ ከኋላ የሚመጣውን ማየት አቃተኝ፤ ፈራሁ አልኩ። ስፖኪዮ ሊገዙልኝ ወደ ቤልትራን ይሄዳሉ፣ እሱ ደግሞ ጥንድ ካልሆነ አልሸጥም ይላል፣ ሁለተኛው የእሳቸው ይሆናል፤ የተማከርነው እንዲህ ነበር። አባቴ የያዙትን የቶርቲያ ቂጣ አስቀመጡ። ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጃኬታቸውን አንሥተው ወጡ።

ሲመለሱ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ፣ ትሪ የሚያህል ስፖኪዮ በብብታቸው ይዘዋል። አንድ ብቻ። ቤልትራን ከኋላቸው ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ ጥንድ ካልሆነ አልሸጥም ማለት እንዳቃተው ገባኝ። አባቴ ተንበርክከው ስፖኪዮውን ከእኔ ቢስክሌት መሪ ላይ አሰሩት፤ ብሎኑን አጠበቁት፤ እንደገና አጠበቁት።

"ከነገ ጀምሮ ከፊትሽ እሆናለሁ" አሉ።

"በየት በኩል?"

"አንቺ በምትሄጂበት ነዋ።"

ከዚያ ወደ ሎሚው ዛፍ ሄደው ሰደርያውን አወለቁለት፣ ቅጠሉን አራገፉና ለበሱት። መብራቶቹንም ፈትተው ቢስክሌታቸው ላይ አሰሩ። የለመንኩት ሁሉ ተሰጠኝ፤ የሚያስፈልጋቸው ነገር ግን እኔው ላይ ተንጠልጥሏል።

እነዚያን ምሽቶች አልረሳቸውም። እሳቸው ከፊት፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ፋኖስ እያበሩ ይነዳሉ። መኪናው ሁሉ ከሩቅ አይቷቸው ራቅ ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን የሚያልፈውን አያዩም። የጭነት መኪና ድምፅ ከኋላ በተሰማ ቁጥር ትከሻቸው ወደ ጆሮአቸው ይወጣል። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ማዶ አልሸሹም። ልጄ ፈርታለች ብለው በፍርሃታቸው ላይ ተቀምጠው ይነዱ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ "አውቶቡስ ነው አባባ፣ ራቅ ብሎ ያልፋል" እላቸዋለሁ። በእሳቸው እኮራለሁ፣ በራሴ አፍራለሁ። እውነቱን ብናገር ገመናቸውን ልገልጥ፣ ዝም ብል በውሸቴ ላሰቃያቸው።

አንድ ምሽት ኦሎምፒክ የሚባለው ጎዳና መስቀለኛ ላይ ቀይ መብራት ያዘንና ጎን ለጎን ቆምን። ፊት ፊታቸውን እያዩ፣

"አንገትሽ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ይሻለዋል።"

"መጀመሪያስ መች ታመመና። ስትዋሺ ድምፅሽ እንደ እናትሽ ይቀጥናል።"

ዓይኔን ስፖኪዮው ላይ ተከልኩ።

"የማይዞረው የኔ ነው" አሉ። "አንቺ ዳዴ ከማለትሽ በፊት ጀምሮ።"

"ውሸቴን ካወቁ ስፖኪዮውን ለምን ለእኔ ገጠሙት?"

"ውሸት መስሎኝ ነበር" አሉ። "ግን እውነት ቢሆንስ?"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅሁትን አሁን ካልጠየቅሁ መቼም አልጠይቅም አልኩ።

"ልጅ ሆኜ በር ላይ ስጣራ ይሰሙኝ ነበር?"

"ጥጉን እስክታጠፍ ድረስ" አሉ። "እጄን የማነሣው ለማን ይመስልሻል? ያን ቅርጫት ይዞ አንድ እጅ ማንሣት ቀላል እንዳይመስልሽ። ለሌላ ሰው አንሥቼ አላውቅም።"

ያን ጊዜ አስታወስኩ። ጎረቤት ሲጠራቸው እጃቸው ከቅርጫቱ ላይ ተነሥታ አታውቅም። መኪናው እንደገና ጥሩምባውን ነፋ፤ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ተከተልኳቸው።

ቤት እንደደረስን ስፖኪዮውን ፈትተን ወደ እሳቸው ቢስክሌት አዛወርነው። ይህን ጊዜ ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ሊያይ ከደጅ ወጣ። አንዱ አብሳይ፣ ዶን ሲልቬሪዮ፣ መንገድ ላይ ሊላጩ ነው እንዴ አላቸው። አባቴ ሰደርያቸውን አስተካክለው ኮርቻው ላይ ወጡ፤ እንደዚያ ዘመን ቀጥ ብለው።

"ልጄን ላይበት ነው" አሉ።

ቬርሞንትን ይዘን ወረድን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እያጓራ መጣ። በመስታወቱ አዩት፣ ትንሽ ወደ ጥግ ሰጡት፣ አለፈ፤ ትከሻቸው ወደ ላይ አልወጣም። መንገዱ ጭር ሲል፣ የሚመጣ ነገር ሳይኖር፣ ያለ ምክንያት ተጣራሁ።

"አባባ!"

እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። ከመንገዱ መብራት በታች፣ በዚያ ትሪ በሚያህል መስታወት ውስጥ፣ ዓይናቸው እኔን ያይ ነበር።