የመሻገሪያው ሸምበቆ

እናቴ እማዋይሽ የምትፈራው ነገር ብዙ አልነበረም። ጅብ በዱላ ያባረረች፣ ከጭቃ ሹሙ ጋር አፍ የተካፈተች ሴት ናት። ሸምበቆ ግን ትፈራለች። ሰው ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ እኔ አልስቅባትም።

ይህ የማወራው ነገር ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት ወንድሜን አያልነህን ወባ ወሰደብን። መቃብር ቆፋሪዎቹ መጡና ሸምበቆ ከጎኑ አጋድመው በቁመቱ ልክ ቆረጡት፤ ያንኑ ተሸክመው ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄዱ። በእኛ ዘንድ በሸምበቆ የሚለካ ሬሳ ብቻ ነው። እናቴ ያ ሸምበቆ ከደጇ ሲወጣ ቆማ አይታለች። የቀረሁላትም እኔ ጸሐይነሽ ብቻ ነበርሁ።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ከቤታችን በታች ያለውን ጅረት እየተሻገርሁ ወረታ ትምህርት ቤት እመላለስ ነበር። መምህራችን፣ መምህር ስማቸው የሚባሉት፣ ሳቅ የማያውቁ፣ ግን ሆደ ቡቡ ሰው ነበሩ። ከቁጥር በፊት ማስተያየት አስተማሩን። በአንድ እጃችን ድንጋይ፣ በሌላው ኑግ የሞላ ከረጢት አስይዘው የቱ ይከብዳል ይሉናል። አንድ ቀን ከሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሁለት ማሰሮ አመጡ፤ አንዱ ቀጭን ረጅም፣ አንዱ ድፍጥጥ ያለ። የቱ ብዙ ውሃ ይይዛል ሲሉን ሁላችንም ረጅሙ ብለን ጮኽን። ውሃው ሲገለበጥ ድፍጥጡ በለጠና አፋችንን ያዝን። በዓይናችሁ ብቻ አትፍረዱ አሉን።

ሰኔ ገብቶ ጅረቱ መሙላት ሲጀምር ደግሞ ጎን ለጎን አቆሙን። አጭሯ እኔ ሆንሁ፤ ምን ይደረግ! ሸምበቆ በእኔ ቁመት ለኩ፣ ወገቤ በሚደርስበት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩ፣ ወስደውም መሻገሪያው መሀል ተከሉት። ውሃው ከጨርቁ በታች ሲሆን ተሻገሩ፣ ጨርቁን ከሸፈነው ግን ተመለሱና እኔ ቤት እደሩ አሉን።

የእኔ አፍ መቼ ያርፋል። ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ዘረገፍሁላት። አጠገቧ ቆሜ ራሴ ጡቷ ላይ እንደሚደርስ እንኳ አሳየኋት፤ እሱን ስታይ ሳቀች። በሸምበቆ መለካቴን ስነግራት ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ። የት አለ አለችኝ፤ ነገርኋት። ለምን እንደተለካሁ ላስረዳት ብል ጆሮም አልሰጠችኝ። በማግስቱ እኔ ከተሻገርሁ በኋላ ወርዳ ነቀለችው። በጉልበቷ ሰብራ እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ ልጇን ያተረፈች መስሏት።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሜዳው ላይ ጠብታ የለም፣ ፀሐይ ነው። የጉና ተራራ ግን ጠቁሯል። ጉና ላይ የዘነበ ለእኛ ሳይነግር ነው የሚደርስ። ወንዶቹን ልጆች ጨዋታ ይዟቸው ስለቀሩ ብቻዬን ነኝ። መሻገሪያው ስደርስ ውሃው ደፍርሶ ይጋልባል። ሸምበቆውን ብፈልግ የለም። ውሃው ውጦት ይሆን? ወይስ ከብት ጥሎት? የደፈረሰ ውሃ ጥልቀቱ ከላይ አይታወቅ። ብቀር እናቴ ታብዳለች ብዬ ቀሚሴን ሰበሰብሁና አንድ እግሬን ነከርሁ። አሸዋው ከሥሬ ይሸሻል።

ቀና ስል እናቴ ማዶ ደርሳለች። የውሃውን ድምፅ ሰምታ ነው እየሮጠች የመጣች። ትጮኻለች፣ አይሰማም። እጇን ስታወናጭፍ ነይ ያለችኝ መሰለኝና ሌላውን እግሬን ጨመርሁ።

ያን ጊዜ ዘላ ገባች። ውሃው ጉልበቷን ዋጠ፣ ወገቧን ዋጠ። ጡቷ ላይ ሲደርስ እየተንገዳገደች ቆመች። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መዳፏን ውሃው በደረሰበት ደረቷ ላይ አደረገች።

ትናንት ራሴ የደረሰበት ቦታ ነው። እዚያ ብደርስ ውሃው ከራሴ በላይ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ወደ ኋላ ወጣሁ። እሷን ግን ጎርፉ ገፋት፤ መጀመሪያ ነጠላዋ ሄደ፣ ከዚያ ራሷ ጠፋ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እናቴን በዓይኔ እያየሁ የቀበርኋት መሰለኝ። ወደ ታች የሾላ ሥር ይዛ ብቅ ስትል፣ በማዶው ዳር ጭቃውን በእንብርክኳ ስትወጣ አየሁና ተቀምጬ አለቀስሁ። ያን ቀን መምህሩ ቤት አደርሁ።

ጠዋት ውሃው ጎድሎ መምህር ስማቸው ይዘውኝ ወረዱ። እናቴ ተሻግራ፣ ለጋ ሸምበቆ ይዛ ትጠብቀናለች። የእርስዎን እኔ ነኝ የነቀልሁት አለቻቸው፣ ቀና ብላ ሳታያቸው። እኔን አቁማ ሸምበቆውን ከተረከዜ እስከ አናቴ አስጠጋችው። ከቀሚሷ ጫፍ ቁራጭ ቀድዳ በወገቤ ልክ አሰረችበት።

"እማ፣ አትፈሪም?" አልኋት።

"እፈራለሁ እንጂ። ግን ሬሳ የሚለካ አንዴ ነው፤ አንቺን በየዓመቱ እለካሻለሁ።"

ቁመቴ ከእሷ እስኪበልጥ ድረስ በየሰኔው ለካችኝ።