ጋወኑ ላይ የነበረው ባጅ

ወይስ ጋወኑን ለብሼው ነበር፣ ቆይ፣ ማክሰኞ ነው፣ አንድ አዛውንት ትከሻቸው ወልቆ ራጅ ሊነሱ መጡ፣ ብቻቸውን መቆም አቃታቸው፣ ገብቼ ደገፍኳቸው፣ ባልደረባዬ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ አነሳቸው፣ ይሄ እርግጥ ነው፣ ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ አጥልቄ ነበር፣ ይመስለኛል፣ ጋወኔስ፣ ሞቆኝ ማሽኑ አጠገብ ሰቅዬው አልነበር? ባጁ ደግሞ ጋወኑ ላይ።

ባጁ የተቀበለውን ጨረር ይመዘግባል፣ ማን ላይ እንደዋለ ግን አያውቅም፣ የዚህ ወር ንባቡ ከልክ በላይ ሆኖ መጥቷል፣ አለቃዬ ጋሼ ቅጹን ወደኔ ገፋ አድርገው ያዩኛል፣ ባጁ የት ነበር ይላል ቅጹ።

ሌላ ጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ አንበለብለዋለሁ፣ ኤሌክትሮን ተወርውሮ ብረት ይመታል፣ ጨረር ይወጣል፣ አጥንት ይውጠዋል፣ ስጋ አብዛኛውን ያሳልፈዋል፣ ልጄ፣ ጨረሩ ሰውነቴ ውስጥ አይቀርም አይደል ይሉኛል እናቶች፣ ኧረ እማማ፣ ጣቴን ከቁልፉ ሳነሳ አብሮ ይጠፋል፣ እውነት ነው ይጠፋል፣ የነካው ግን ተነክቷል፣ ይሄንን አልጨምርላቸውም፣ አንድ ፎቶ ኢምንት ነዋ፣ እኔስ ስንት ሆነብኝ፣ የስምንት ሳምንት ፅንስ ምን አጥንት አለውና፣ ዝም ብሎ ያሳልፈው ይሆናላ፣ አይ፣ ቶሎ የሚጎዳው የሚከፋፈል ሴል ነው፣ ራሴ ፈተና ላይ የጻፍኩት።

ማንም አያውቅም። ባሌም። ሁለቴ አርግዤ ነገርኩት፣ ሁለቴም ሳይቆይ አስወረደኝ፣ ሦስተኛውን ሦስት ወር ሳይሞላው ትንፍሽ አልልም ብያለሁ፣ ስልኩን ትራስ ስር ሲያደርግ ግን እጮህበታለሁ፣ ጨረር ነው አርቀው፣ እኔ፣ የራጅ ባለሙያዋ፣ የስልክና የራጅ ጨረር ሰማይና ምድር መሆናቸውን እያወቅኩ። ምን ነካኝ።

የኔ ልጅ ምን ያስጨንቅሻል፣ ጋወኑ ተሰቅሎ ነበር በይና ፈርሚ፣ እንገላገል ይላሉ ጋሼ፣ ክፋት የላቸውም፣ ተሰቅሎ ከነበረ የመታው ጨርቁን ነው፣ እኔን አይደለም፣ ደስ ሲል፣ ከፈረምኩ ግን ማንም አይመረምረኝም፣ ነገም እዚያው ክፍል ነኝ፣ ብናገርስ፣ ደግሞ እንደ በፊቱ ቢሆንብኝ፣ አፌ ነው እንዴ የሚያስወርደኝ? ጅል። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ ለብሼው ነበር፣ አልለበስኩትም፣ አላስታውስም ብዬ እጽፋለሁ፣ ከስሩ ደግሞ፣ የስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የደረሰብኝ የጨረር መጠን ይሰላልኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ያነባሉ፣ ደግመው ያነባሉ፣ በሞቴ ቁጭ በይ ይላሉ፣ ወንበር ይስቡልኛል፣ ለካ እስካሁን ቆሜ ኖሯል።